የጋሽ ደምሰው ቤተሰብ

ሰባት ዓመቴ ላይ ከግድግዳችን ወዲያ ማን ማን እንደሚኖር ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እነግራችሁ ነበር። ጋሽ ደምሰው አሉ። ሚስታቸው አለች፤ ቤት ውስጥም ቢሆን ታኮ ጫማዋን አታወልቅም። ቦት ጫማ የሚያደርግ፣ በር ወርውሮ የሚዘጋ ግልፍተኛ ሰውዬ አለ፤ እሱን የሚስትየዋ ወንድም አድርጌዋለሁ። አልፎ አልፎ የሚያለቅስ ሕፃን አለ። በመጨረሻም ፈረስ አለ። ፈረሱ አንድ እግሩን ያመዋል።

ቤታችን ነፋስ ስልክ፣ እትዬ ተናኘ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ተናኘ አከራያችን ናቸው። አንዱን ሰፊ ክፍል መሀሉን በቺፑድ ከፍለው ግማሹን ለእኔና ለእናቴ፣ ግማሹን ለጋሽ ደምሰው አከራዩት። ቺፑዱ የሚከለክለው ዓይንን ብቻ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እናቴ ከዚህ «ይማርዎት» ትላለች፤ እሷ ጸልያ ስትጨርስ እሳቸው ከዚያ «አሜን» ይላሉ። እሷ ጴንጤ ናት፣ እሳቸው የገብርኤል ወዳጅ ናቸው፤ ቺፑዱ ግን ይህን አይለይም።

ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ይህም አልገረመኝም። በግቢያችን ሳልነቃ ወጥተው ስተኛ የሚገቡ ሰዎች ሞልተዋል፤ የእነሱንም መልክ አላውቅም። እሷን የማውቃት በጆሮዬ ነው። አመሻሽ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለች ትገባለች። ደስ ሲላት እርምጃዋ ይቀላል። ስትናደድ ፈጥና እስከ በሩ ትሄድና እዚያ ትቆማለች። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ዛሬ ደግሞ ሴትዮዋ ተናዳለች» ትላለች። ቀልድ መሆኑን ማን ይንገረኝ? የጋሽ ደምሰውን በር እንዳላንኳኳም «ሥራ ላይ ናቸው፣ አትረብሺያቸው» እያለች ትከለክለኝ ነበር። ከእናቴ ቀጥሎ እንደዚያች ሴትዮ የምወደው ሰው አልነበረኝም። ፈረሱ የት እንደሚያድር ብቻ ነበር የሚያሳስበኝ፤ አልጋ ሥር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አሁን ለቡ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ጆሮዬንም እንደ ዱሮው አላምነውም። ጋሽ ደምሰው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ለሬዲዮ ድራማ ድምፅ ሲሠሩ ነው። ድራማው ውስጥ በር ሲከፈት የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ትሪ ላይ ምስር የሚያንሸራትቱት፣ ፈረስ ሲጋልብ በሁለት የቅል ስባሪ አሸዋ የሚመቱት፣ ሕፃን ሲያለቅስ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። አገር ሙሉ ሰምቷቸዋል፣ ስማቸውን ግን የሰማ የለም። ድራማው ሲያልቅ የደራሲው፣ የአዘጋጁና የተዋንያኑ ስም ይጠራል፤ እሳቸው ጋ ሊደርስ ሲል ሙዚቃው ይገባል። የሚከፈላቸው በየድራማው ስለነበር ጡረታ የላቸውም። ኋላ የዓለምን በርና ዝናብ ሁሉ የያዘ ኮምፒዩተር መጣ። ማንም «ይብቃዎት» አላላቸውም፤ ስልኩ ብቻ መደወል አቆመ። እሳቸው ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ይለማመዱ ነበር። «እጅ እንደ ዘመድ ነው፣ ካልጠየቁት ይቀየማል» ይሉ ነበር።

ያን ዓመት ሰኔ ውስጥ እትዬ ተናኘ ወሬ ይዘው መጡ። መንግሥት ጡረታ ለሌላቸው አንጋፋ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች በየወሩ ድጋፍ ሊሰጥ ነው፤ ምዝገባም ተጀምሯል። እትዬ ተናኘ ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ ሊጨምሩ እንደሆነ አስቀድመው ተናግረው ነበርና ወሬውን ያመጡት ትንሽ አፍረው ነው። ጋሽ ደምሰው ጭማሪውን ከየት ያመጡታል? ካልቻሉ ሰላሌ እህታቸው ዘንድ መግባታቸው ነው።

«ወረዳ ሄደው በችግረኛ ቢመዘገቡ አይቀልም?» አለች እናቴ። «የምትመዘግበዋን ልጅ አውቃታለሁ፣ እኔ እነግርልዎታለሁ።»

«ሀናዬ፣ ችግረኛስ ነኝ» አሏት። «ሥራዬ ግን እሱ አይደለም። ይሄኛው ለባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ የምፈልገው ይሄኛውን ነው።»

«ኧረ ብሩ ያው ብር ነው፣ ጋሽ ደምሰው።»

«ያው አይደለም።»

እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሰላሌን ብቻ ነበር። እትዬ ተናኘ የሰላሌ ጭቃ ጫማ እንደሚነጥቅ ይናገሩ ነበር። በዚያ ጭቃ ሴትዮዋ በታኮ እንዴት ትሆናለች ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።

ጋሽ ደምሰው ሊመዘገቡ ሄደው የተመለሱ ዕለት ግቢው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሆነውን ነገሩን።

«ልጅቷ "ምን ላይ ተጫውተዋል?" አለችኝ። "በር" አልኳት። "ፊልም ነው?" አለች። "አይ፣ በር ነው፤ የሚከፈትና የሚዘጋው" አልኳት።»

እትዬ ተናኘ ሳቁ አሸንፏቸው የያዙትን የታጠበ ልብስ ጭቃ ላይ ጣሉት። ጋሽ ደምሰውም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። «ታዲያ ምን አሉ?» አለቻቸው።

«ቤት ድረስ መጥተው ያያሉ። ሚስት ወይም ሌላ ደጋፊ ያለው አይካተትም። እኔ ደግሞ ማን አለኝ? እዚህ ላይ እንኳ ችግር የለም።»

ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጋሽ ደምሰው በጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ብስራተ ገብርኤል ሄዱ። እትዬ ተናኘም አብረው ሄዱ። እናቴ ለቡ ልብስ ስፌት ቤት ሥራዋ ላይ ናት። ግቢውን እንድጠብቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንዲት ወጣት ሴት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጭቃ እየዘለለች ገባች። በመጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ የእኔዋ ሴትዮ አይደለችም።

ያኔ ስኳርና ዘይት በቀበሌ የሚታደልበት ጊዜ ነበር። የሚታደለው በቤተሰብ ብዛት ነው። መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ «ስንት ናችሁ?» ካለ መልሱን የግቢያችን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔና እናቴ ሁለት ሆነን አራት ነበርን። እናቴ ጌታን የምትፈራ ሴት ናት፣ ግን አያቴና አክስቴ ከሶዶ ሲመጡ የሚበሉት ምን ሊሆን ነው? ብቻ ይህን ትምህርት በደንብ ተምሬዋለሁ። ወጣቷ ስለ ጋሽ ደምሰው ስትጠይቀኝ የስኳር ነገር መስሎኝ ደስ አለኝ። እሳቸው በሌሉበት አንድ ሰው ብቻ ተብለው እንዳይጎዱ ቆርጬ ተነሳሁ።

«ሚሚዬ፣ አቶ ደምሰው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?»

«ኧረ አይደለም» አልኳት። «ሚስት አላቸው።»

«ሚስት? የት ናት?»

«አሁን የለችም። አመሻሽ ላይ ነው የምትመጣው። ታኮ ታደርጋለች።»

«ሥራ ትሠራለች?»

«አዎ። ወንድሟም አለ። ትንሽ ልጅም አለ።»

ፈረሱን አልነገርኳትም። ፈረስ ዘይት አይበላም። ወጣቷ ጎንበስ ብላ ዓይኔን አየችኝና አመስግናኝ ሄደች።

ገላኔ ትባላለች። ከዓመታት በኋላ ልጇን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ መጥታ አገኘኋት፤ ያን ቀን አንስታ ሳቀች። «የሄድኩበት ቤት ሁሉ ጎረቤቱ ተሰብስቦ "ምስኪን ናቸው፣ የሚያያቸው የለም" ይለኝ ነበር» አለችኝ። «ተመክሮ እንደሆነ ያስታውቃል። ያልተመከርሽ አንቺ ብቻ መሰልሽኝ። ልጅ ደግሞ አይዋሽም።» እውነቷን ነው፣ አልዋሸሁም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጋሽ ደምሰው ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ እኛ ቤት ገቡ። እትዬ ተናኘም ተከትለዋቸው ገቡ።

«ተሰረዝኩ» አሉ።

«ምን ብለው?» አለች እናቴ።

«"ባለትዳር ነዎት፤ ሚስትዎ ሠራተኛ ናት፤ የሚስትዎ ወንድም አብሮዎት ይኖራል" አሉኝ። ልጅም አለኝ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ወልጄ ከሆነ ምርቃት ነው።»

«የትኛው ምቀኛ ነው ይህን ያለው?» አሉ እትዬ ተናኘ። በአጥሩ በኩል ያሉትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ማማት ጀመሩ።

ምቀኛ ሲፈለግ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሠራሁት ደግ ሥራ ሌላ ሰው ሊመሰገን ነው መሰለኝ። «እኔ ነኝ የነገርኳት» አልኩ። «ስኳር እንዲበዛልዎት።»

የእናቴ እጅ ሲነሳ አየሁት። ጋሽ ደምሰው ያዟት። «ተያት፣ ሀና» አሉና ፊቴ ተቀመጡ። የጃንጥላው ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን እንደ ሐኪም ፊት ሆነ።

«ሴትዮዋ ስትናደድ እንዴት ነው የምትሄደው?»

«ትፈጥናለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ትቆማለች።»

«ለምን ትቆማለች?»

«መውጣት ስለማትፈልግ ነዋ።»

«እሷ ብላሻለች?»

«አላለችኝም። ግን አትፈልግም።»

«እሺ። ሰውዬውስ?»

«እሱ ክፉ አይደለም። ቦቱ ስለሚከብደው ነው።»

«ሌላ ማን አለ?»

«ፈረስ አለ። አንድ እግሩን ያመዋል።»

ግራ እጃቸውን አነሱና ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ መልሰው ጨበጡ። መሀለኛው ጣት አልታጠፈም። ለፈረሱ ያዘኑለት መሰለኝ። የጣታቸውን ቁርጥማት ሰው እንዳይሰማባቸው ሲጠነቀቁ መክረማቸውን ያወቅኩት አሁን፣ በየቀኑ የአዛውንት እጅ መያዝ ሥራዬ ከሆነ በኋላ ነው።

ተነሱ። «ሀናዬ፣ ነገ ይቺን ልጅ አውሺኝ።»

«ወስደው ምን ሊያደርጓት? "ተሳስቼ ነው" እንድትልልዎት ነው?»

«አይደለም። ያለችውን እንድትደግምልኝ ነው።»

«ጋሽ ደምሰው፣ ይስቁብዎታል።»

«ይሳቁ። የሚስቅ ሰው ቢያንስ ሰምቷል። እኔ አልቅሼ የማገኘውን ድጋፍ አልፈልግም፣ ሠርቼ የማገኘውን ግን ለማንም አልተውም።» እናቴ «ጌታ ይርዳዎት» አለች።

በማግስቱ ጋሽ ደምሰው ኮታቸውን ለብሰው፣ አሮጌ ሻንጣ ይዘው፣ እኔን በሌላ እጃቸው ይዘው ወጣን። ሚኒባስ ውስጥ «ሴትዮዋስ?» አልኳቸው።

«እዚያ ትመጣለች» አሉኝ።

ሻንጣው የሷ ልብስ ነው አልኩ። ዛሬ በቃ አያታለሁ፤ ሰላም ስትለኝ ምን እንደምላት ሳጠና መንገዱ አለቀ።

መሥሪያ ቤቱ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ጋሽ ደምሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሙና ሴራሚኩን በእግራቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አስቀምጠው ገባን። ውስጥ ገላኔ አለች። ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ አቶ መዝገቡ የሚባሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ሻርፕ የጠመጠሙ ኃላፊ አሉ።

«አባቴ፣ ተነግሮዎታል እኮ» አሉ አቶ መዝገቡ። ድምፃቸው ክፋት የለበትም፣ ደክሟቸዋል። «ቅሬታ ካለዎት ግን እንሰማለን።»

«ቅሬታ የለኝም። የልጅቷን ቃል ላስደግም ነው የመጣሁት። ዶርቃ፣ እስቲ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። አሁን ስኳሩን ረስቼዋለሁ፤ ስለ ወዳጄ ነው የማወራው። ስትደሰት እንዴት እንደምትሄድ፣ ስትናደድ የት እንደምትቆም አንድም ሳላስቀር አወራሁ። ገላኔ «ይኸው፣ ለእኔም ያለችኝ ይህንኑ ነው» አለች።

«እኔም እመሰክራለሁ፣ ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ደምሰው። «አሁን ከፈቀዳችሁ አንድ ጊዜ ወጥቼ ልመለስ። ልጅቷ እዚሁ ትቆይ።» ወጡና በሩን ዘጉት።

አቶ መዝገቡ ተናፈጡ። ገላኔ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከሩቅ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ሰማሁ።

መጣች። አልቸኮለችም። መሀል ላይ ቆመች፣ ክፍል የምትፈልግ መሰለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና መጣች። አቶ መዝገቡ ሻርፓቸውን አስተካከሉ፤ ጠረጴዛው ዳር የነበረውን ባዶ ወንበር ለእንግዳ ወደሚሆን ቦታ ሳብ አደረጉት። እርምጃው በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። ማንም አላንኳኳም። ገላኔ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይግቡ፣ ክፍት ነው» አለች።

እኔ ግን አልጠበቅኩም። ሮጬ በሩን ከፈትኩት።

ጋሽ ደምሰው ኮታቸውን አጥፈው በጉልበታቸው ተንበርክከውበታል። ጥቁር የሴት ታኮ ጫማ ሁለቱ እጆቻቸው ላይ ተሰክቷል። ከኋላቸው ኮሪደሩ ባዶ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ግን በትከሻቸው አሻግሬ እስከ ደረጃው ድረስ ፈለግኳት። ጫማውን ደግሜ አየሁት። ከዚያ ገባኝ፤ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጅ ሲወድቅ እንደሚያለቅሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት የሚለቀሰውን ነው ያለቀስኩት። ገላኔ ልታባብለኝ አቀፈችኝ፣ ግን እሷም ዓይኗን ከጫማው መንቀል አልቻለችም።

አቶ መዝገቡ የሳቡትን ወንበር አዩት። «የሚደንቅ ነገር ነው፣ አባቴ» አሉ። «ሚስትም እንደሌለዎት ተረድቻለሁ። ግን መመሪያው ላይ ተዋናይ፣ ድምፃዊ፣ ሙዚቀኛ፣ ሠዓሊ ነው ያለው። እርስዎን የት ላስገባዎት? ወረዳ በችግረኛ ይያዙ ብዬ ብጽፍልዎት ዛሬውኑ ያልቃል። ይሄኛው ላይ ሙግት ብንገጥም ግን ላይሳካም ይችላል።»

ጋሽ ደምሰው የበሩን መቃን ይዘው ተነሱ። ጫማውን ከእጃቸው አላወለቁም።

«ይቺ ልጅ ለምን የምታለቅስ ይመስልዎታል?»

«ደንግጣ ነዋ።»

«አይደለም። ሰው ሞቶባት ነው» አሉ። «ያቺን ሴት እኔ ነኝ የሠራኋት። ቺፑድ ተከልሎባት ስትወዳት የከረመችው እኔ የሠራኋትን ነው። ያረጀሁት ሰው ስሠራ ነው። ይህን ጽፈው ይከልክሉኝ፣ ቅር አይለኝም። ችግረኛ ብለው ግን አይስጡኝ።»

እስከ ዛሬ ሰው ሲለምንም ሲከራከርም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲናገር የሰማሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ግን አልገባኝም። ለብር ብለው ገድለዋት ሲኮሩበት ነበር የመሰለኝ፤ ጠላኋቸው።

ገላኔ ለቀቀችኝና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «የእኔን ሪፖርት ይስጡኝ፣ አቶ መዝገቡ» አለች። «እንደገና እጽፈዋለሁ። መመሪያው ውስጥ ከሌሉ እንዲገቡ አስተያየት እናቅርብ። እኔ ተነስቼ "ይግቡ" ብያለሁ፤ ባለሙያ አይደሉም ብዬ አልፈርምም።»

አቶ መዝገቡ ብዕራቸውን አነሱ። «ሙያ?» አሉ።

«ድምፅ ሠሪ» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ጉዳዩ ላይ ታች ሲል ጥቅምት ደረሰ። እትዬ ተናኘ ጭማሪውን እስኪወሰን አዘገዩት፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሰው ናቸው። ድጋፉ የተፈቀደው ለድምፅ ሠሪ ደምሰው ተብሎ ነው። ሰላሌ አልገቡም፤ እስኪሞቱ ድረስ ከቺፑዱ ወዲያ ነበሩ።

የዚያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ ማን ያውቃል? ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከመስኮቱ ተለጥፌ ተቀመጥኩ። ሻንጣው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ተቀየምሽኝ?» አሉኝ።

«ገደሏት» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ለመሆኑ መልኳ ምን ይመስል ነበር?»

እልህ ይዞኝ ነገርኳቸው። ረጅም ናት። ጠይም ናት። ስትስቅ ፍንጭቷ ይታያል። ቀይ ሹራብ አላት፣ እጅጌው ትንሽ ተተርትሯል።

ጋሽ ደምሰው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም» አሉ። «የሠራሁት እግሯን ብቻ ነው። የቀረውን አንቺ ነሽ የሠራሽው። እሱን እኔ ልገድለው አልችልም። በይ እስቲ ንገሪኝ፣ ሌላስ?»

ነገርኳቸው። ረዳቱ «ነፋስ ስልክ ወራጅ» ሲል ገና ፀጉሯ ላይ ነበርኩ።